የጤፍ ኬክ፣ የዳጉሳ ብስኩት፣ የፎገራ ሩዝ፦ ስኳርና ግሉተን የቀነሰ ጣፋጭ ከባሕር ዳር ጓዳ

ስኳር ቀንስ፣ ስንዴ ተው የተባለ ሰው ኑሮው ባሕር ዳር ከሆነ ዕድለኛ ነው። ጤፉ ከጎጃም ይገባል። ዳጉሳው ከሜጫ በኩል፣ ሩዙ ከፎገራ ሜዳ፣ አቮካዶው ከቆጋ መስኖ፣ ሎሚው ከዘጌ ይመጣል። ሙዝና ፓፓያ በየመንገዱ ዳር አለ። በወቅቱ ደግሞ ማንጎው ነው። አንዳቸውም ግሉተን የላቸውም። ፍራፍሬው ጣፋጭነቱን ራሱ ይዞት ይመጣል።

ይህ ሁሉ ደጃችን ላይ እያለ ብዙ ሰው "ከግሉተን ነጻ" የሚል ጽሑፍ ያለበትን የውጭ ብስኩት ፍለጋ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት ይዞራል። ዋጋው ያስደነግጣል። ጀርባውን ገልብጣችሁ ካነበባችሁ ብዙ ጊዜ ስኳሩ ከተራው ብስኩት አያንስም። ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ ከጓዳችን እህል፣ ከጉሊት ፍራፍሬና ከቅመማችን የሚሠራውን ነው። ኦቨን የሌለውም ሰው ይሠራዋል። የጾምም አማራጭ አለው።

መጀመሪያ ለምን እንደምትቀንሱ ለዩ

ወደ ዱቄቱ ከመግባታችን በፊት ይህን ማለፍ አልፈልግም። የምትጠነቀቁበት መጠን በዚህ ይወሰናልና።

ግሉተን ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ፉርኖ ዱቄት፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሴሞሊና ሁሉም ስንዴ ናቸው። በሶና ጭኮ ከገብስ ይሠራሉ፤ ብቅልም አብዛኛውን ጊዜ ከገብስ ወይም ከስንዴ ነው። "ስንዴ አቁሜያለሁ" እያሉ ጠዋት ጠዋት በሶ የሚበጠብጡ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምለው። አጃ ራሱ ችግሩ ያን ያህል ባይሆንም በማሳም በወፍጮም ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚቀላቀል አይታመንም።

ሴልያክ የሚባል ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ የራሱን ትንሽ አንጀት ያጠቃል። ለእንዲህ ያለው ሰው "መቀነስ" የሚባል ነገር የለም። ፍርፋሪም ይጎዳዋል። ስንዴ ስትበሉ ሆዳችሁ የሚነፋ፣ የሚያስቀምጣችሁ ወይም ክብደት የምትቀንሱ ከሆነ ግሉተኑን ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አስቀድማችሁ ካቆማችሁ የደም ምርመራው በሽታውን ሳያሳይ ሊቀር ይችላል። ቅደም ተከተሉ ይህን ያህል ያስፈልጋል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሌላ ነው። ከግሉተን ነጻ ማለት ደም ውስጥ ስኳር አይጨምርም ማለት አይደለም። ጤፍም፣ ሩዝም፣ ሙዝም ስኳር ይጨምራሉ። ከታች ያሉትን ጣፋጮች መብላት ይቻላል፤ ግን ቁራሹ ትንሽ ይሁን፣ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ይሁን። ኢንሱሊን ወይም ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ አመጋገባችሁን ስትቀይሩ ሐኪማችሁ ይወቅ።

ዱቄቱን ከወፍጮ ቤት ጀምሩ

ጤፍ ግሉተን የለውም። ወፍጮው ግን አለው። ከእናንተ በፊት የነበረችው ሴት ስንዴ ካስፈጨች የእሷ ዱቄት ርዝራዥ ወደ እናንተ ጆንያ ይገባል። ግሉተን ለሚቀንስ ሰው ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም። ለሴልያክ ታማሚ ግን ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ስለዚህ እህሉን ቤት ልቀሙት። በተለይ የገብስና የስንዴ ፍሬ ካለበት አውጡ። ከቻላችሁ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ፈልጉ። ካልተገኘ ጠዋት ወፍጮው ተጠርጎ ሲከፈት ድረሱና የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ኪሎ ዱቄት ለብቻ ያዙት፤ ለሌላው ቤተሰብ እንጀራ ይሆናል። ይህም ቢሆን ለሴልያክ ታማሚ ሙሉ ዋስትና አይደለም። ለእሱ የሚሻለው ትንሽ ትንሽ እየወሰዱ ቤት ውስጥ በደረቅ መፍጫ መፍጨት ነው። ሩዝ በዚህ መንገድ በደንብ ይፈጫል። ወንፊቱም የተለየ ይሁን። የስንዴ ዱቄት የተነፋበት ወንፊት ቢታጠብም በቀዳዳዎቹ መሀል ዱቄት ይይዛል።

ቤኪንግ ፓውደር ስትገዙም ጀርባውን አንብቡ። አንዳንዱ ውስጥ የስንዴ ስታርች አለ። የበቆሎ ስታርች የሚል ምረጡ።

አሁን የዱቄቱ ጠባይ። ግሉተን ሊጡን እንደ ላስቲክ አያይዞ አየሩን የሚይዝለት እሱ ነው። እሱ ሲወጣ ኬኩ ይፈረፈራል፣ ወይም ከፍ ብሎ መሀሉ ይሰምጣል። ቦታውን የሚተካለት ነገር ያስፈልጋል። እንቁላል አንደኛው ነው። የተፈጨ ተልባ ሁለተኛው፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ሲቆይ ይዝለገለጋል፤ የአንድ እንቁላል ቦታ ይይዛል። የበሰለ ሙዝና የተቀቀለ ዱባም ያያይዛሉ። ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። የጤፍ ዱቄት ውኃ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ሊጡን አዋህዳችሁ 20 ደቂቃ ካቆያችሁት ኬኩ አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ አይልም።

ስኳሩን በአንዴ አትጣሉት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ምክር የተጨመረ ስኳር ከቀን ጉልበታችን ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ ይላል። ለአንድ አዋቂ 5 በመቶው ወደ 25 ግራም ይጠጋል፤ 6 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በቀን ሦስት ስኒ ቡና እና ሁለት ሻይ በሁለት በሁለት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ኬክ ሳይነካ 10 ማንኪያ ላይ ደርሷል። ቅነሳው ከሻዩ ይጀምር የምለው ለዚህ ነው። ኬኩ በወር አንዴ ሁለቴ ነው፤ ሻዩ በየቀኑ ነው።

ስለ ማር አንድ ነገር። የጎጃም ማር እወዳለሁ፣ ከታች ባሉት አሠራሮችም እጠቀምበታለሁ። ግን ማርም ስኳር ነው። ከላይ ባለው የ25 ግራም ስሌት ውስጥ ይቆጠራል። የተጨመቀ ጁስም እንደዚያው። ሙሉ ፍራፍሬ ግን አይቆጠርም፣ ከቃጫው ጋር ስለሚበላ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ማር ስኳርን ሲተካ የሚጠቅመው ሽታና ጣዕሙ ጠንካራ ስለሆነ በትንሹ ስለሚበቃ ነው። "ማር ስለሆነ ምንም አይለውም" ብሎ ግማሽ ብርጭቆ ማፍሰስ ራስን ማታለል ነው።

ስኳር ኬክ ውስጥ ከማጣፈጥ ሌላም ሥራ አለው። እርጥበት ይይዛል፣ ያለሰልሳል፣ ፊቱን ቡናማ ያደርገዋል። በአንዴ ከጠፋ ኬኩ ደረቅና የገረጣ ይሆናል። ስለዚህ ከለመዳችሁት መጠን መጀመሪያ ሩቡን ቀንሱ። ቤተሰቡ ሲለምደው ሌላ ሩብ። ምላስ ይለምዳል፤ ሳምንታት ነው የሚፈልገው። የጎደለውን እርጥበት ሙዝ፣ ዱባ ወይም ስኳር ድንች ይሞላዋል። ቀረፋ፣ ሄል፣ ቫኒላ፣ የሎሚ ልጣጭና ቁንጥር ጨው ደግሞ ያለውን ጣፋጭነት ያጎሉታል። ጨውን አትርሱ።

የጤፍ ኬክ በሙዝ

ሌላውን ሁሉ ብታልፉት ይህን ሞክሩ። ብርጭቆ የምለው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው።

የነጭ ጤፍ ዱቄት 2 ብርጭቆ (300 ግራም ገደማ)
ልጣጩ መጥቆር የጀመረ መካከለኛ ሙዝ 4
እንቁላል 3
ዘይት ወይም የቀለጠ ለጋ ቅቤ ሩብ ብርጭቆ
ወተት ግማሽ ብርጭቆ
ስኳር ወይም ማር 4 የሾርባ ማንኪያ
ቤኪንግ ፓውደር 2 የሻይ ማንኪያ
ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ

በተለመደው አሠራር ለዚህ ያህል ዱቄት አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ 200 ግራም ገደማ ይገባል። እዚህ በስኳር ከሠራችሁት 50 ግራም አካባቢ ነው። 12 ቦታ ብትቆርጡት በአንድ ቁራሽ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጆች የምትሠሩት ከሆነ 6 ማንኪያ አድርጉና በሚቀጥለው ወደ 4 ውረዱ።

ሙዙን በሹካ ደፍጥጡት፤ እንክብል ባይጠፋም ግድ የለም። ሙዙ ካልበሰለ ግን ጣፋጭነትም አያያዥነትም የለውም፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁት። እንቁላሉንና ስኳሩን በሌላ ዕቃ አረፋ እስኪሞላና እስኪነጣ ምቱ። ይህ ምት የኬኩ አየር ነውና አትቸኩሉ። ዘይቱን፣ ወተቱን፣ ሙዙን ጨምሩ። ጤፉን ከቀረፋውና ከጨው ጋር ነፍታችሁ አዋህዱ። ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከገንፎ ግን በጣም ላላ ማለት አለበት። ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ አቆዩት። ቤኪንግ ፓውደሩን የምትጨምሩት በመጨረሻ፣ ወደ እሳት ልትከቱት ስትሉ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ጉልበቱ ዱቄቱ ሲያርፍ ያልቃል።

ስለ ቤኪንግ ፓውደሩ መጠን። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኬክ ቶሎ ይነሳና ሳይበስል ይሰምጣል። ከኢንተርኔት የምታገኙት አሠራር አብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን ከተጻፈው በሩብ ያህል ቀንሱ፣ ፈሳሹን በአንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሩ። ከላይ ያለው መጠን ይህን አስቀድሞ አስቦበታል።

ኦቨን ካላችሁ 180 ዲግሪ ላይ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ። ስንጥር ወግታችሁ ደርቆ ሲወጣ ደርሷል።

ኦቨን ከሌላችሁ ወፍራም ትልቅ ድስት ውሰዱ። ከታች ሁለት ጣት ያህል ደረቅ ጨው ወይም ንጹሕ አሸዋ አንጥፉ። ከድናችሁ መካከለኛ እሳት ላይ 15 ደቂቃ አግሉት። የኬክ መጋገሪያውን ዘይት ቀብታችሁ ሊጡን አፍስሱና አሸዋው ላይ አስቀምጡት። እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ክዳኑን በፎጣ ጠቅልሉት፣ ላቦቱ ኬኩ ላይ እንዳይንጠባጠብ። የፎጣው ጫፍ ወደ እሳት እንዳይወርድ ወደ ላይ ቋጥሩት። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ 30 ደቂቃ ውስጥ አትክፈቱት።

ሌላው የእናቶቻችን መንገድ ነው። የድፎ ዳቦ ምጣድ ላይ የሙዝ ቅጠል አንጥፋችሁ፣ ሊጡን ሳሳ አድርጋችሁ አፍስሱ፣ በቅጠል ሸፍኑ፣ አክንባሎውን ድፉበት። የሙዝ ቅጠሉን ከጓሮም ከጎረቤትም ታገኙታላችሁ። መዓዛው ከሙዙና ከቀረፋው ጋር ሲገናኝ ከየትኛውም ኬክ ቤት የማይገዛ ነገር ይወጣል። የስንዴ ድፎ የሚጋገርበት ምጣድ ከሆነ ለሴልያክ ታማሚ አይሁን።

ለጾም፦ ሦስቱን እንቁላል በ3 ማንኪያ የተፈጨ ተልባና በ9 ማንኪያ ውኃ ተኩ። ወተቱን በውኃ ወይም ከታች በምነግራችሁ የኦቾሎኒ ወተት፣ ቅቤውን በዘይት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ይህኛው ጠጠር ይላል፤ ስለዚህ ሰፊ ዕቃ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ጋግሩት።

ቆርጣችሁ ማየት የምትችሉት ሲቀዘቅዝ ነው። የጤፍ ኬክ ትኩሱን ሲቆረጥ ይላቁጣል፣ ያልበሰለም ይመስላል። ሰዓት ስጡት።

የዳጉሳ ብስኩት

ዳጉሳን ከጠላና ከአረቄ ጋር ብቻ የሚያስቡት ሰዎች ቢቀምሱት ደስ ይለኛል። ቀለሙ እንደ ካካዎ ጠቆር ይላል፣ ጣዕሙ የተቆላ እህል ነው። ግሉተን የለውም፤ በካልሲየም ከሌሎቹ እህሎች ይልቃል።

6 የቴምር ፍሬ ዘሩን አውጥታችሁ በ4 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ዘፍዝፉ፣ ሲለሰልስ ከነውኃው ደፍጥጡ። ግማሽ ብርጭቆ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የተፈጨ ሄልና ቁንጥር ጨው ጨምሩ። ከዚያ 1 ብርጭቆ የዳጉሳ ዱቄት እያለሳለሳችሁ አግቡ። እጅ ላይ የሚጠቀለል ሊጥ ካልሆነ ውኃ በማንኪያ። 15 ደቂቃ አሳርፉት። ትንንሽ ድቡልቡል ሠርታችሁ በመዳፍ ጠፍጠፍ አድርጉ፣ ፊቱ ላይ ሰሊጥ ነስንሱ። 170 ዲግሪ ላይ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። በመጥበሻ ከሆነ እንደ ቂጣ ዝቅ ባለ እሳት ከድናችሁ በየጎኑ 6 ደቂቃ ያህል። የጾም ነው፣ እንዲያውም ለሐሙስ ማታ ቢሠራ ዓርብን ያሳልፋል።

የኦቾሎኒ ቅቤ ቤት ስትሠሩ የሻገተ፣ የተጨማደደ፣ የሚመርር ፍሬ ካለ ጣሉት። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይይዛል፤ መቁላት አያጠፋውም። የገበያ ስትገዙም ስኳር ያልገባበትን ጠይቁ።

የፎገራ ሩዝ በወተት

ግማሽ ብርጭቆ የፎገራ ሩዝ አጥባችሁ በ1 ሊትር ወተት፣ በአንድ ስንጥር ቀረፋ፣ በ3 ፍሬ የተሰነጠቀ ሄልና በቁንጥር ጨው ጣዱት። የተሰባበረው ርካሹ ሩዝ ለዚህ ከሙሉው ይሻላል፣ ስታርቹን ቶሎ ይለቃልና። ዝቅ ባለ እሳት እያማሰላችሁ 45 ደቂቃ ገደማ። ውኃ እዚህ ከፍታ ላይ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከተጻፈው ሰዓት በላይ ቢወስድ አይግረማችሁ። ሊወርድ 10 ደቂቃ ሲቀረው 5 የተከተፈ ቴምር ጨምሩ። ስኳር አያስፈልግም፤ ወተቱ ሲሰበሰብ የራሱ ጣፋጭነት ጎልቶ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠጥር ቀጠን እያለ አውርዱት።

ለጾም የኦቾሎኒ ወተት አዘጋጁ። 1 ብርጭቆ የተቆላና የተላጠ ኦቾሎኒ ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ከ4 ብርጭቆ ውኃ ጋር በጁስ መፍጫ ፍጩና በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥሉት። የኦቾሎኒው ወተት በኃይል ሲፈላ ስለሚበጣጠስ ሩዙን መጀመሪያ በውኃ አብስሉት፣ ወተቱን በመጨረሻ ጨምሩ።

እሳት የማይፈልጉት

የበሰለ አቮካዶ አንድ፣ ሙዝ አንድ፣ ካካዎ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ጥቂት የሎሚ ጠብታ። አብራችሁ ፍጩና አቀዝቅዙት። ልጆች ቸኮሌት ክሬም ነው ብለው ነው የሚበሉት። ማንጎ ሲበዛ ደግሞ ከተፍ አድርጋችሁ በእርጎና በቁንጥር ሄል። የተከተፈ ሙዝ ፍሪዘር ውስጥ አድሮ ቢፈጭ አይስክሬም ይሆናል። ጁስ ቤት ስፕሪስ የምታዙ ከሆነ "ስኳር አይግባበት" በሉ፤ ካልተናገራችሁ ብዙ ቦታ ይገባል።

አቀማመጥና እንግዳ

የእኛ ከተማ ይሞቃል፣ መብራትም ይሄዳል። ስኳር ደግሞ ኬክን ከሻጋታ የሚጠብቅ ነገር ነበር፤ ሲቀንስ ጣፋጩ ቶሎ ይበላሻል። የጤፍ ኬኩ ከፍሪጅ ውጭ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይ፣ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን። የወተቱ ሩዝ መብራት ጠፍቶ ካደረ አትሞክሩት። የዳጉሳው ብስኩት ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ሳምንት ይሰነብታል። ተልባውንም ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ፍጩ፣ ተፈጭቶ ሲቆይ ይሻግታል ወይም ይመርራል።

ቤት ውስጥ የሴልያክ ታማሚ ካለ ለበዓል ድፎው ከመቆረጡ በፊት የእሱን ድርሻ ለብቻው ሳህን አንሱ፣ ቢላዋውም የተለየ ይሁን። ለእንግዳ ስታቀርቡ የጤፍ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩ። የፉርኖ ኬክ ጠብቆ የቀመሰ ሰው ይደነግጣል፤ ጤፍ መሆኑን አውቆ የቀመሰ ግን ሁለተኛ ቁራሽ ይጠይቃል። ስኳር ያለባቸው አክስት ወይም አጎት ካሉ ደግሞ "አንድ ብቻ፣ ሙት!" እያላችሁ አታስጨንቋቸው። ትንሿን ቁራሽ አቅርቡላቸው፣ ቡናቸውንም ያለ ስኳር ቅዱ።